ደሞዙ እየወጣ ነው፣ ሰውየው ግን ቤት ተቀምጧል

ባለፈው ዕትም ሥራ ላይ ስለሚደርስ ጉዳት ጥቂት ነገር ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የገረመኝ አብዛኛው የመጣው ከሠራተኛ ሳይሆን ከአሠሪ መሆኑ ነው። እነዚህ ደግሞ ትልልቅ ፋብሪካዎች አይደሉም። አምስት ሰው፣ ሰባት ሰው ቀጥረው በኪራይ ቤት የሚሠሩ፣ ወር ሲደርስ የሠራተኛውን ደሞዝ ከፍለው የራሳቸውን የሚያሳድሩ ሰዎች ናቸው። የተጎዳውን ሠራተኛ መልሰው ማሠራት ይፈልጋሉ፣ ወጪውን ይፈራሉ። አራቱን ጥያቄ መርጬ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሰላም ላንተ ይሁን። አራት ኪሎ አካባቢ አነስተኛ ማተሚያ ቤት አለኝ። ሰባት ሠራተኞች አሉኝ። ከሁለት ወር በፊት ወረቀት መቁረጫው ላይ የሚሠራው ልጅ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች አጣ። እኔ ጋ አምስት ዓመት ሠርቷል፣ እንደ ታናሽ ወንድሜ ነው የማየው። ሕክምናውን ከፍያለሁ። ደሞዙንም፣ 9,000 ብር ነው፣ አላቋረጥኩበትም። አሁን ቁስሉ ጠግጓል፣ ሐኪሙም ከባድ ነገር ካላነሳና ማሽኑ ላይ ካልቆመ መሥራት ይችላል ብሏል። ልጁም ቤት መቀመጥ አንገሽግሾታል፣ በየቀኑ ይደውላል። ግን በሱ ቦታ ሌላ ሰው ቀጥሬያለሁ፣ ሁለት ደሞዝ ከበደኝ። ሲያትል ያለችው እህቴ እዚያ እንዲህ ሲያጋጥም መንግሥት ለአሠሪው የደሞዙን ግማሽ ይመልሳል አለችኝ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር አለ? ኢንሹራንስ አለኝ፣ ግን ምን እንደሚሸፍን በደንብ አላውቅም።

መልስ፦ እህትሽ እውነቷን ነው። ሲያትል ያለችበት የዋሽንግተን ግዛት በ2011 በእነሱ አቆጣጠር ባወጣው ሕግ፣ ሥራ ላይ የተጎዳን ሰው ሐኪም በፈቀደው ቀለል ያለ ሥራ ለመለሰ አሠሪ የመነሻ ደሞዙን ግማሽ እስከተወሰነ ጣሪያ ድረስ ይመልሳል። ለሥልጠና፣ ለመሣሪያና ለሥራ ልብስ ያወጣውንም እንዲሁ በልክ ይተካለታል። ገንዘቡ ግን ከሰማይ አይወርድም። ለግዛቱ የሥራ ጉዳት መድን ከሚከፈለው መዋጮ ነው የሚወጣው። ግዛቱ ይህን የሚያደርገው ስለሚያዋጣው ነው፤ ሰው ቤቱ በቆየ ቁጥር ወደ ሥራ የመመለሱ ነገር እየራቀ ይሄዳል፣ ካሳውም እየተቆለለ ይመጣል።

እኛ ጋ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ ውስጥ እንዲህ ያለ ድጎማ የለም። ይህን ቁርጡን ልንገርሽ፣ በየቢሮው ስትጠይቂ ጊዜሽ እንዳይባክን። ግን ተስፋ አትቁረጪ፤ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንይ። ይኸው አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ሥራ ላይ ተጎድቶ ለጊዜው መሥራት ላቃተው ሠራተኛ አሠሪው እስከ አንድ ዓመት እንዲከፍለው ያዛል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደሞዙን፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንሰውን፣ የቀሩትን ስድስት ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ የማያንሰውን። ክፍያው የሚቆመው ሐኪም ድኗል ሲል፣ ወይም የዘላቂ ጉዳት ክፍያ ማግኘት ሲጀምር፣ ወይም ዓመቱ ሲሞላ ነው፤ ከሦስቱ በቀደመው።

አሁን ልጁ ቤቱ ቢቀመጥ ብለን እናስላ። ሁለቱን ወር ከፍለሻል። ሦስተኛው ወር 9,000 ነው። ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ በወር 6,750፣ ድምሩ 20,250። ከሰባተኛ እስከ አስራ ሁለተኛ በወር 4,500፣ ድምሩ 27,000። ስለዚህ በሚቀጥሉት አስር ወራት አንድ ወረቀት ሳያነሳልሽ 56,250 ብር ይወጣል። መልሰሽ ብታሠሪውና ሙሉ ደሞዙን ብትከፍዪው በአስሩ ወር 90,000 ነው። ልዩነቱ 33,750፣ በወር ሲካፈል 3,375 ብር። አምስት ዓመት የተማረን፣ ደንበኞችሽን በስም የሚያውቅን፣ የትኛው ወረቀት በየትኛው ማሽን እንደሚሄድ የገባውን ሰው በወር 3,375 ብር አገኘሽ ማለት ነው። የፊታችን ወርማ ልዩነቱ ዜሮ ነው። ቢመጣም ባይመጣም 9,000 ትከፍያለሽ።

ይህን ነገር ደጋግሜ የምናገረው በዓይኔ ስላየሁት ነው። ከመጻፌ በፊት ለዓመታት የትናንሽ ድርጅቶችን ሂሳብ እሠራ ነበር። አንድ እንጨት ሥራ ቤት ውስጥ መጋዝ እጁን ያገኘው ልጅ ነበር። ባለቤቱ ጥሩ ሰው ነው፣ "ስትድን ና" ብሎ ላከው። ልጁ ስምንት ወር ቤቱ ተቀመጠ። ክፍያው በየወሩ በእኔ እጅ ያልፍ ነበር፣ እኔም አንድ ቀን እንኳ "ለምን መጥቶ ዕቃ አይቆጥርም?" አላልኩም። በስምንተኛው ወር ሲጠራ አልመጣም። ሥራ መፍራት ጀምሮ ነበር፣ ጓደኞቹን ማየት አሳፍሮት ነበር። ድርጅቱ ገንዘቡንም ሰውየውንም አጣ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ስለዚህ ማተሚያ ቤትሽን ዞር ብለሽ እዪው። ሥራ የለም ካልሽ አልተመለከትሽም። የታተመውን ሉህ አይቶ የተበላሸውን የሚለይ፣ ፕሩፉን፣ ማለትም የሙከራ ኅትመቱን፣ ደንበኛው ጋ ወስዶ የሚያስፈርም፣ ትዕዛዝ የሚቀበል፣ የወረቀትና የቀለም ክምችት የሚመዘግብ፣ ጥረዛው ከመሄዱ በፊት ገጹ በተራው መሆኑን የሚያይ ማነው? ይህን ሁሉ የምትሠሪው አንቺ ከሆንሽ፣ እንደምገምተው ነሽ፣ ለልጁ ሥራ ተገኝቷል፣ ላንቺም እፎይታ። አዲሱን መቁረጫ ሠራተኛ አጠገቡ ቆሞ ማስተማርም ሥራ ነው። እንዲያውም ትልቁ ሥራ ይህ ይመስለኛል፤ ከሱ በላይ የዚያን ማሽን አደጋ የሚያስረዳ የለም።

ከመመለሱ በፊት ሦስት ነገር አድርጊ። ሐኪሙ የተናገረውን በጽሑፍ ተቀበዪ፤ ምን ያህል ኪሎ ማንሳት እንደሚችል፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ ምን መንካት እንደሌለበት፣ መቼ ተመልሶ እንደሚታይ። "ቀላል ሥራ" ብቻ የሚል ወረቀት አይበቃም፣ ላንቺ ቀላል የሆነው ለተቆረጠ ጣት ከባድ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ አዲሱን የሥራ ድርሻና ሰዓቱን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ እስከ መቼ እንደሆነም ቀን አስቀምጡ። ሦስተኛው በሱ ቦታ የቀጠርሽው ሰው ውል ነው። አዋጁ በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት ለጊዜው የሌለን ሠራተኛ ለመተካት ለተወሰነ ጊዜ መቅጠርን ይፈቅዳል። በቃል ብቻ ቀጥረሽው ከሆነ ዛሬውኑ ጻፊው፣ ምክንያቱንና ጊዜውን ግለጪ። ካልሆነ ነገ ሁለት ቋሚ ሠራተኛ ይኖርሻል፣ ያኔ ነው ሁለት ደሞዝ በእውነት የሚከብደው።

አሁን ወደ ኢንሹራንሱ። ያለሽ የሠራተኞች ጉዳት ካሳ ፖሊሲ ከሆነ፣ ከልጁ ሕክምና የተወሰነውን፣ ቤት የቆየበትን ደሞዝና የዘላቂ ጉዳት ካሳውን ሊሸፍን ይችላል። እስከ ስንት ብር እንደሆነ ፖሊሲው ላይ ተጽፏል። አውጥተሽ አንብቢው። ብዙ ሰው በየዓመቱ አርቦን፣ ማለትም የኢንሹራንሱን ክፍያ፣ ይከፍላል፣ ወረቀቱ ግን ከመሳቢያ አይወጣም። አደጋው እንደደረሰ ማሳወቅ ግዴታ ነው፣ ሁለት ወር አልፏል፣ ስለዚህ ነገ ጠዋት መጀመሪያ የምትሄጂው እዚያ ነው። የሆስፒታል ደረሰኝ፣ የሐኪም ማስረጃ፣ ደሞዙ የተከፈለበት ፔሮል፣ አደጋው እንዴት እንደደረሰ ያዩ ሰዎች የፈረሙበት ጽሑፍ ይዘሽ ሂጂ። የልጁን ደሞዝ ፔሮል ላይ ከእውነቱ አሳንሰሽ ጽፈሽ ከሆነ፣ አንቺ አደረግሽ ማለቴ አይደለም ግን ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ ካሳውም በዚያው ባነሰው ነው የሚሰላው።

አንድ ነገር ልጨምር። ለሠራተኛ ሕክምና የከፈልሽው ትክክለኛ ወጪ ከልጁ ላይ የሥራ ግብር አይቆረጥበትም፣ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ነፃ አድርጎታል። የሂሳብ መዝገብ ስለምትይዢ ደረሰኙን ለሂሳብ ሠራተኛሽ ስጪው። በእጅ የተከፈለ፣ ደረሰኝ የሌለው ሕክምና ግን ለኢንሹራንሱም ለግብሩም እንዳልተከፈለ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጽሑፍህን ልጄ አንብባልኝ ነው የምጽፍልህ። መርካቶ ምናለሽ ተራ የብረት ሥራ አለኝ። በርና መስኮት፣ አጥር እንሠራለን። አራት ልጆች አብረውኝ አሉ። አንዱ ተክለሃይማኖት አካባቢ ደንበኛ ቤት በር ሲገጥም ከመሰላል ወድቆ ጭኑ ተሰበረ። ደሞዙ 12,000 ነው። ብረት ገብቶለታል፣ አሁን በክራንች ይሄዳል። ኢንሹራንስ የለኝም፣ ጡረታም አልከፈልኩላቸውም። ልጁ አልከሰሰኝም፣ "ጋሼ እንደድሮው አብረን እንሠራለን" ነው የሚለው። ሰዎች ግን "ግቢዬ ውስጥ አይደለም የወደቀው በል" ይሉኛል። እኔ እንደሱ ማለት አልፈልግም። መልሼ ላሠራው እፈልጋለሁ። ምን ይጠብቀኛል? የሚያግዝ አካልስ አለ?

መልስ፦ ጋሼ፣ የሚመክሩዎትን ሰዎች አለመስማትዎ ደስ ብሎኛል። ያ ምክር ሕጉም አይደግፈውም። አሠሪው ልኮት ከሥራ ቦታ ውጭ ሲሠራ የደረሰ አደጋም የሥራ አደጋ ነው። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው። ተጠያቂ የማይሆነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ፣ ለምሳሌ በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ጥሶ ወይም ሰክሮ ሥራ ገብቶ ሲገኝ ነው። የእርስዎ ልጅ ከነዚህ አንዱንም አላደረገም።

የሚጠብቅዎትን እንዳለ ልንገርዎት። ሕክምናው፣ መድኃኒቱ፣ የሚያስፈልግ ከሆነ ክራንቹና ሌላው አጋዥ መሣሪያም በእርስዎ ነው። እስኪድን ድረስ ከላይ ለማተሚያ ቤቷ እህታችን የጻፍኩት የሦስት ወር፣ ሦስት ወር፣ ስድስት ወር ክፍያ አለ። ከዚያ በኋላ የሕክምና ቦርድ ዘላቂ ጉዳት እንዳለበትና ስንት በመቶ እንደሆነ ይወስናል፣ በተቻለ መጠን ጉዳቱ ከደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ። በጡረታ ሕግ ላልተሸፈነ ሠራተኛ ዘላቂ ሙሉ ጉዳት ከደረሰበት አሠሪው የአምስት ዓመት ደሞዙን በአንድ ጊዜ ይከፍላል። ከዚያ በታች ከሆነ በመቶኛው ልክ ይሰላል። የእርስዎ ልጅ የዓመት ደሞዙ 144,000 ነው፣ የአምስት ዓመቱ 720,000። ቦርዱ 20 በመቶ ቢል 144,000 ብር፣ ማለትም ልክ የአንድ ዓመት ደሞዝ። ጭኑ በደንብ ከገጠመና በሙሉ ከዳነ ደግሞ ምንም ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ሕክምናውን ከመሃል አያቋርጡት። ወጌሻ ጋ ሂድ ብለው የሚመልሱት ካሉም እንቢ ይበሉ፤ ወጌሻን መናቄ አይደለም፣ ብረት የገባበት አጥንት ግን ያስገባው ሐኪም ክትትል ይፈልጋል። የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምናውንም ሳያጓድል ይሂድ። ለዚያ የሚወጣው ብር ከዘላቂ ጉዳት ካሳው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

የሚያግዝ አካል አለ ወይ ላሉኝ፣ ለዚህ ለደረሰው አደጋ የለም። ዛሬ ኢንሹራንስ ቢገቡ ከዛሬ በኋላ ለሚደርሰው ነው። ቀኑን ወደኋላ አድርጎ የሚጽፍልዎ ሰው አገኛለሁ ካለዎ ይራቁት፣ ማጭበርበር ነው፣ የሚጠፋውም የእርስዎ ስም ነው።

ለቀሩት ሦስት ልጆችና ለዚህኛውም ሲመለስ ግን ሁለት በር ክፍት ነው። አንደኛው ጡረታ ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። ለዚህ ልጅ ከእርስዎ ኪስ በወር 1,320 ብር፣ ከሱ ደሞዝ 840 ብር ማለት ነው። ሰዎች ይህን የሽማግሌነት ገንዘብ ብቻ ያደርጉታል። አይደለም። ሥራ ላይ 10 በመቶና ከዚያ በላይ የተጎዳ፣ መሥራት ግን የሚችል ሠራተኛ ከዚያ ፈንድ በአንድ ጊዜ የጉዳት ዳረጎት ያገኛል። መሥራት ያልቻለ ደግሞ ወርሃዊ አበል። ዳረጎቱን ተቀብሎ ሥራውን መቀጠሉን ልብ ይበሉልኝ፣ እርስዎ የሚፈልጉት ይህንኑ አይደል? ያንን 144,000 እርስዎ ከራስዎ ኪስ የሚፈልጉት ልጁ ጡረታ ስላልተከፈለለት ነው። አስገዳጅ ስለሆነ ደግሞ ያለፈው ውዝፍ ከነቅጣቱ ሊጠየቅ ይችላል፣ በዘገየ ቁጥር ይከብዳል። ቀድመው ራስዎ ሄደው ይመዝገቡ።

ሁለተኛው የሠራተኞች ጉዳት ካሳ ኢንሹራንስ ነው። የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም የግሎቹም ይሸጣሉ። አርቦኑ የሚሰላው በጠቅላላ የዓመት ደሞዝና በሥራው ዓይነት ነው፣ ብረት ሥራ ከቢሮ ሥራ ይወደዳል። ሁለት ሦስት ቦታ ዋጋ ይጠይቁ። ሲጠይቁ ይህችን አንድ ጥያቄ አይርሷት፤ "ከፍታ ላይና ደንበኛ ቤት የሚሠራ ሥራ ይሸፈናል ወይ?" ከፍታ ከተወሰነ ሜትር በላይ ሲሆን የማይሸፍን ፖሊሲ ካለ፣ ለእርስዎ ሥራ ያ ባዶ ወረቀት ነው።

ልጁን ወደ ሥራ ስለመመለስ፣ ጭኑ እስኪጠነክር መሰላል አይታሰብም። ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሥራ እርስዎ ጋ ሞልቷል፤ ልኬት ወስዶ ብረት ማስመር፣ በአጭር ጠረጴዛ ላይ መበየድ፣ ማጠፊያና ቁልፍ መግጠም፣ ቀለም። ጠረጴዛውን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ፣ ብረት ቤት ናችሁና። የበረንዳው ጠርዝ ላይ ለክራንቹ የሚሆን ትንሽ መወጣጫ አድርጉለት። የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በየወረዳው አለ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅታችሁ ከሆነ ስለ አጫጭር ሥልጠናና ስለ ማሽን ሊዝ እዚያ ይጠይቁ። ገንዘብ በእጅዎ አይሰጡዎትም። ግን ልጁ ሜክሲኮ አካባቢ ተግባረ ዕድ ሄዶ የብረት ሥራ ዲዛይን ወይም ልኬት ቢማር፣ መሰላል ላይ ሳይወጣም እንጀራውን የሚበላበት ሙያ ይኖረዋል።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ አካባቢ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ነኝ። ዘይት ክንዴን አቃጥሎኝ ሁለት ወር ተኛሁ። ባለቤቷ ጥሩ ሴት ናት፣ አሁን "ምድጃው ላይ ስለማትቆሚ ካሸር ሁኚ፣ ደሞዝሽ ግን በግማሽ ይሆናል" አለችኝ። ልፈርም? ከፈረምኩ የጠባሳዬ ካሳ ይቀርብኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ተረፍሽ። አትፈርሚ፣ ቢያንስ ዛሬ።

ባለቤቷ በክፋት ነው አልልም፣ ሂሳቡን ስላልሠራችው ነው። ገና ሦስተኛ ወርሽ ነው። ቤትሽ ብትቀመጪ እንኳ ሙሉ ደሞዝሽን ትከፍልሻለች። ታዲያ መጥተሽ እየሠራሽላት ግማሽ እንዴት ይሆናል? ይህን ረጋ ብለሽ ንገሪያት፣ ከፈለግሽ ይህን ገጽ አሳዪያት። የሥራ ዓይነትሽንም ሆነ ደሞዝሽን ያለ ጽሑፍ ስምምነትሽ መቀየር አትችልም። ለአንድ ሁለት ወር በሙሉ ደሞዝ ካሸር ሆነሽ፣ ክንድሽ ሲሻል ወደ ወጡ ብትመለሺ ለሁለታችሁም ይሻላል። ደንበኛው የሚመጣው ለወጡ ነው መቼም።

ካሳውን በተመለከተ አትስጊ። ዘላቂ ጉዳት መኖር አለመኖሩን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው። ወደ ሥራ መመለስሽ ያንን መብት አያስቀርም። ብቻ "ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም" የሚል መስመር ያለበት ወረቀት ላይ አትፈርሚ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ልብስ ስፌት አለኝ፣ ሦስት ሠራተኛ። አንዷ እሁድ ዕለት ባጃጅ ገጭቷት ቀኝ እግሯ ተጎዳ፣ ወር ከምናምን ሆናት። ሥራ ላይ አይደለም የተጎዳችው። እኔ ላይ ምን አለብኝ? ጎበዝ ናት፣ ላጣት አልፈልግም። የስፌት መኪናውን ፔዳል ግን በቀኝ እግሯ መርገጥ አትችልም። መቀየሪያ ወጪው የኔ ነው? ሰዎች አካል ጉዳተኛ ከሆነች ሕጉ ያስገድድሻል ብለው አስፈራሩኝ።

መልስ፦ የእረፍት ቀኗ ስለሆነ እንደ ሥራ ጉዳት አይቆጠርም። የሚሠራው የሕመም ፈቃዱ ነው። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የሚቀጥሉት ሦስት ወራት ያለ ደሞዝ። በአስራ ሁለት ወር ውስጥ ከስድስት ወር አይበልጥም። የሐኪም ማስረጃ ታምጣ። ሕክምናዋን በተመለከተ ደግሞ የገጫት ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ስላለበት ከዚያ ትጠይቅ፣ የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃውን ካላወጣች አሁኑኑ ታውጣ። አንቺ ይህን አብረሻት ብትሮጪላት ከደሞዝ በላይ ነው፤ እግሯን ይዛ ቢሮ ለቢሮ መሄድ አትችልም።

ሰዎቹ ያስፈራሩሽ በአዋጅ ቁጥር 568/2000 ነው፣ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት የሚመለከተው። ማስፈራሪያ አይደለም፣ እንዲያውም ለትንሽ አሠሪ አስቦ የተጻፈ ነገር አለው። አሠሪው መሣሪያውን፣ የሥራ ሰዓቱን፣ የሥራ ቦታውን ለሠራተኛው እንዲመች ማስተካከል አለበት ይላል። ግን ማስተካከያው ከአቅም በላይ ጫና የሚሆን ከሆነ ያንን ከግምት ያስገባል፤ ወጪው ስንት ነው፣ ድርጅቱ ምን ያህል ነው፣ ስንት ሠራተኛ አለው ብሎ ይመዝናል። ሦስት ሠራተኛ ያላትን ሴት አሳንሰር አስገቢ የሚል የለም። ፔዳል ማዛወር ግን ከማንም አቅም በላይ አይደለም።

አዎ፣ ወጪው ያንቺ ነው። ግን ወጪው ምን እንደሆነ እንይ። የስፌት መኪናሽ በሞተር የሚሠራ ከሆነ ፔዳሉን ወደ ግራ እግር ማዛወር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። መርካቶ የስፌት መኪና የሚጠግኑት ልጆች ይሠሩልሻል፣ መኪናውን ይዘሽ መሄድም የለብሽም፣ ይመጣሉ። አሮጌው የእግር መርገጫ ከሆነ ደግሞ በዚህ አጋጣሚ ሞተር ግጠሚበት፣ ያ ከእሷ እግር ጋር ሳይያያዝም ሥራሽን ያፈጥናል። እስከዚያው ቁልፍ፣ ዘርፍ፣ ጥልፍ፣ ልኬት ትሥራ፣ ሁሉም ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ነው። ወንበሯ መደገፊያ ይኑረው፣ እግሯን የምታሳርፍበት ዱካ አድርጊላት። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ከምትደክም አንድ ሰዓት ዘግይታ ገብታ አንድ ሰዓት ዘግይታ ትውጣ፣ ይህ ምንም አያስወጣሽም።

ሐኪሟ ፈቅዶ በሚቀጥለው ሳምንት ብትመለስ፣ ሁለተኛው ወሯ ስለሆነ በግማሽ ደሞዝ ከምትቀመጥ በሙሉ ደሞዝ እየሠራችልሽ ትሆናለች። ከመጠገኛ ልጆቹ ዋጋ ከመስማማትሽ በፊት እሷን መኪናው ላይ አስቀምጪና ግራ እግሯ የሚደርስበትን ቦታ በኖራ ምልክት አድርጊበት። በልክ ካልሆነ ሁለቴ ትከፍያለሽ።